ስቶን ሌክ ለቅሶ የደረስን ዕለት

ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ሲያትል ውስጥ ዝናብ ይዘንባል ማለት ማጋነን፣ አይዘንብም ማለትም መዋሸት ይሆናል። ካፊያው ከደመናው ከተነሣ በኋላ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ቆሞ፣ ልውረድ ወይስ ልመለስ እያለ የሚያመነታ ይመስላል። እኔም እንደ እርሱ ነኝ። ሬኒየር ቫሊ ባለችው ጠባብ አፓርታማዬ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ በአንድ እጄ ትሪ ላይ የዘረጋሁትን ምስር እለቅማለሁ፤ በሌላው እጄ ስልኬን አገላብጣለሁ።

ምስሩን የምለቅመው የሚለቀም ነገር ስላለው አይደለም። ይህን ስላችሁ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ነገር ግን እናቴ ቤት ያልተለቀመ ምስር ድስት አይገባም ነበር። አጎቴ አንድ የፊት ጥርሱን በምስር ወጥ ውስጥ ባደፈጠች ጠጠር ምክንያት አጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ ሲነሣ አፉን የሚገጥም ሰው ሆኗል። እንዲህ ያለ ታሪክ ካለው ቤተሰብ ወጥቶ ምስርን ማመን እንዴት ይቻላል? አሜሪካ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ከለቀምኩት ምስር ሁሉ አንድ ጠጠር አላገኘሁም። አንድም!

ለመሆኑ ጠጠሩ የት ሄደ?

መልሱን አውቀዋለሁ። ጠጠሩን የለቀሙትን ሰዎች በስማቸው አውቃቸዋለሁ። እነርሱም አሁን፣ እኔ ይህን በምነግራችሁ ሰዓት፣ እጅግ ሩቅ በሆነ ሜዳ ላይ በቆመ አንድ አዳራሽ ተሰብስበው፣ ማዘጋጃ ቤታቸው ይኑር ወይስ ይሙት በሚል ጉዳይ እጅ ሊያወጡ ነው። ቦታው ስቶን ሌክ ይባላል። ካናዳ፣ ሰስካቸዋን በሚሉት የእርሻ አገር የሚገኝ የገጠር ማዘጋጃ ቤት ነው። በእኛ አነጋገር ቀበሌ በሉት፤ በስፋቱ ግን አውራጃ ያህላል። ሕዝቡስ? ሕዝቡ ከእኛ ዕድር አባላት ያንሳል። እንግዲህ ይህን ያህል ሰው ያንን ያህል መሬት፣ ያንን ያህል መንገድ ብቻውን ያስተዳድር፣ ወይስ ፈርሶ ከትልቁ ጎረቤቱ ጋር ይቀላቀል? የዛሬው ጥያቄ ይኸው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ወይዘሮ ዶሪን፣ እጅ ተቆጥሮ እንዳለቀ ሊደውሉልኝ ቃል ገብተዋል።

ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ፈለቀ ናቸው።

«ደወሉ?»

«ገና ነው ጋሼ። ስብሰባው እንኳ አልተጀመረም።»

«እንግዲያው መስመሩን ለምን ትይዛለህ? ልቀቀው እንጂ!» ብለው፣ ራሳቸው የደወሉትን ስልክ ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ጋሼ ፈለቀ የአክስቴ ባል ናቸው። በዚህ አገር አውራ ጎዳናዎች ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የዕድራችንም ዳኛ ናቸው። እኔ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ዲቪ ደርሶኝ፣ ኦበርን ከሚገኝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር አይተው አዘኑና፣ «ዲግሪህ ካልነዳህ አንተ ንዳ» ብለው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ ያደረጉኝ እርሳቸው ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ሥነ ጽሑፍ» ይሉኛል። «ሥነ ጽሑፍ፣ መስታወቱን እይ!» «ሥነ ጽሑፍ፣ ፍሬን!» የተማርኩት የትምህርት ዘርፍ በዚህ መጠን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ደግ ሰው ናቸው። አንድ ነውር ብቻ አለባቸው፤ ሰዓት አያውቁም። በገዛ ሠርጋቸው ዕለት ሙሽራዋ ተኳኩላ ስትጠብቃቸው እንደዋለች አክስቴ እስከ ዛሬ ትናገራለች። ባለፈው ዓመት በዕድራችን ስብሰባ ላይ የሚያረፍዱ አባላት እንዲገሠጹ ሐሳብ ያቀረቡት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ሐሳቡ ለውይይት በቀረበበት ዕለት ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ነው የደረሱት።

እና ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እዚህ ሰፈር ግሮሰሪ ያላቸው እትዬ ጽጌ ጋሼን አስጠርተው፣ ስቶን ሌክ ከሚገኝ ገበሬ ምስር በስልክ እንዳዘዙና ሄደን እንድናመጣላቸው ነገሩን። ቀጠሮው ለዓርብ ነበር። «ዓርብ ነው ፈለቀ፤ ዓርብ!» አሉ እትዬ ጽጌ፣ ሰውየውን ስለሚያውቋቸው። «ምስሩ ሳይመጣ ጾም ቢገባ ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ሊበላ ነው? ዐሣ ላስለምደው?» ጋሼም በክብራቸው ማሉ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ደረስን።

መንገዱን አላረዝምባችሁም። አንድ ቀን ሙሉ ተራራ ስንወጣና ስንወርድ ዋልን፤ ድንበር ተሻገርን። በማግስቱ ተራራው አለቀ። ከዚያ ዛፉ አለቀ። ቀጥሎ ወሬያችን አለቀ። ከፊታችን የቀረው በካውያ የተተኮሰ ነጭ አንሶላ የመሰለ በረዶ፣ ከበላዩም ወሰን የሌለው ሰማይ ብቻ ነበር። ጋሼ በመስታወቱ አሻግረው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «እዚህ አገር ሕፃናት ድብብቆሽ እንዴት ይጫወታሉ?» አሉ። እኔ ደግሞ ስለዚያ ሜዳ አንድ ያማረ ዓረፍተ ነገር በልቤ ሳዋቅር ነበርና አልመለስኩላቸውም። ዓረፍተ ነገሩ አላለቀልኝም። ሜዳውም እንደዚያው።

የቦታውን ስም ልብ በሉልኝ፤ የድንጋይ ሐይቅ ማለት ነው። ሐይቅ ግን የለም። ድንጋይም አይታይም። ይህን ምሥጢር ኋላ ላይ የፈቱልኝ ሰው ስላሉ እመለስበታለሁ።

ምስሩ የሚበጠርበት ትልቅ መጋዘን ደረስን፤ ሰው የለም። አጠገቡ ያለውን ቤት አንኳኳን፤ ሰው የለም፤ በሩ ግን አልተቆለፈም። ሌላ ቤት ሄድን፤ እንደዚያው። ብርዱን እንዳልገልጽላችሁ ፍቀዱልኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ገለጻ ስማር ኖሬ፣ ትምህርቴ በከንቱ መቅረቱን የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። ጋሼ የመኪናውን በር ከፈቱና አንድ ጊዜ ተንፍሰው መልሰው ዘጉት። «ይቅር» አሉ። በእኔ ግምት ከዚህ የተሻለ ገለጻ አይኖርም።

ጥቂት እንደ ነዳን አንድ አዳራሽ አየን። ከደጁ መኪናዎች ተሰልፈዋል። ከአዳራሹ ጎን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የመቃብር ስፍራ አለ። ጠቆር ያለ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አንገታቸውን ደፍተው፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘው ይገባሉ። እኔ መንገድ እንዳልዘጋ ብዬ መኪናውን ጥግ አስያዝኩት። ሲያትል መንገድ የዘጋ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ጥጉ ንጹሕ፣ ለጥ ያለና ነጭ ነበር። ይህችን ፓርኪንጌን አትርሷት።

«ሥነ ጽሑፍ፣ ሞተሩን አጥፋው» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምነው ጋሼ?»

«አታይም እንዴ? ለቅሶ ነው።»

«ሠርግ ቢሆንስ?»

«በቀትር ጥቁር ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሳህን ተሸክሞ የሚገባ ሠርገኛ የት አይተሃል?»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ምስር ልንጭን ነው የመጣነው።»

«ሰው ሞቶባቸው ተቀምጠው፣ ‹ተነሡና ምስር ጫኑልን› ልትላቸው ነው? የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ምን ይባላል? ብርቱካንማ የሱፍ ባርኔጣቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። የጃኬታቸውን ዚፕ እስከ አገጫቸው ዘጉ። ፊታቸውን አሳዘኑ፤ እኔም አሳዘንኩ። ገባን።

እነሆ፣ የአዳራሹ ውስጥ ጥርጣሬዬን ሁሉ አጠፋልኝ። አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ትልልቅ ማንቆርቆሪያዎች ተጥደዋል። ሳህኑ፣ ጭልፋው፣ ወንበሩ ሁሉ በቀይ ቀለም የማዘጋጃ ቤቱ ስም ተጽፎበታል፤ ልክ የእኛ ዕድር ዕቃ ላይ እንደሚጻፈው። ጋሼ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «አየህ? ዕቃቸውም ተጽፎበታል።» ከዚያም ጠረጴዛው ላይ ወዳለ አንድ ሰፊ ሳህን በአገጫቸው አመለከቱኝ፤ በውስጡ የተቀቀለ ባቄላ የሚመስል እህል ተከምሯል። «ንፍሮም አለ» አሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ንፍሮ ያለበት ቦታ ለቅሶ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ የሽማግሌዎች ፎቶግራፍ በተርታ ተሰቅሏል። የመጀመሪያዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ የመጨረሻው ባለ ቀለም ነው። ከመጨረሻው ፎቶ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ አበባ የተተከለባት ሸክላ ተቀምጣለች። ጋሼ ፎቶው ፊት ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። «ነፍስ ይማር፤ ገና ደህና ሰው ነበሩ» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ዞረው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ፣ በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያሉ ሁሉንም ጨበጡ። ሰዎቹ ግራ እየተጋቡ፣ ነገር ግን በታላቅ ትሕትና እጃቸውን ሰጡ። እኔም እየተከተልኩ ጨበጥኩ። ከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጠን፣ እጃችንን ጉንጫችን ላይ አድርገን አቀረቀርን።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተ። ትከሻው ላይ በረዶ ያለበት አንድ ረጅም ሽማግሌ ገባ። ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣና፣ «የምስሩ ሰዎች እናንተ መሆን አለባችሁ! ትናንት ስንጠብቃችሁ ዋልን» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ፎቶው ነበር።

ጋሼ ፈለቀ አማተቡ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው እንደገና አማተቡ። ሰውየውን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ እኔን አዩኝ። «ሥነ ጽሑፍ» አሉኝ፣ «ሰውየው ተነሥቷል።»

ምን አስረዝማለሁ? ሰውየው ዋልተር ይባላሉ። የማዘጋጃ ቤቱ ሊቀ መንበር ናቸው። ምስሩን የሸጡልን ገበሬም እርሳቸው ናቸው። የመንገድ በረዶ የሚጠርገውን ግሬደር የሚነዱትም እርሳቸው፣ እሳት ሲነሣ ቦቴውን ይዘው የሚሮጡትም እርሳቸው። ወይዘሮ ዶሪን ደግሞ ጸሐፊ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተጫዋችና የባቄላው አብሳይ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ምሳ ሲበሉ መንግሥት ይዘጋል ማለት ነው። አበባዋንም ፎቶው ሥር ያስቀመጧት ወይዘሮ ዶሪን ሲሆኑ፣ ምክንያታቸው የመስኮቱ ብርሃን ለእርሷ ስለሚስማማ ብቻ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ተነሣሁ። ስለ አገራችን የሐዘን ሥርዓት፣ ስለ ጥቁር ልብስ፣ ስለ ንፍሮ በእንግሊዝኛ አብራራሁ። ከዚያ ከኋላ አንዲት አሮጊት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ ፈነዳ። ዋልተር ዕንባቸውን እየጠረጉ ሄደው ፎቷቸውን አፍጥጠው ተመለከቱና፣ «አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን ይህን ፊት ባየው አለቅስለት ነበር» አሉ።

ያልሳቁት ወይዘሮ ዶሪን ብቻ ነበሩ። ሳቁ ሲበርድ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ የተሰበሰቡት ማዘጋጃ ቤቱ ይፍረስ ወይስ ይቆይ የሚለውን ሊወስኑ እንደሆነ ነገሩኝ። «እንግዲህ እንግዶቹ ያን ያህል አልተሳሳቱም» አሉ። እዚህ ሲሠሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀረው። ከእርሳቸው በፊት ጸሐፊዋ እናታቸው ነበሩ።

ስልኩ ጮኸ። አይ፣ የዛሬውን ማለቴ ነው።

«ደወሉ?»

«ጋሼ! መስመሩን ልቀቅ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ እኮ ስልክህ መሥራቱን ላረጋግጥ ነው» አሉና ዘጉት። አምስት ሰዓት ሆኗል። እዚያ ሰባት ሰዓት ነው። አሁን ስብሰባው ተጀምሯል ማለት ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ስብሰባው ተጀመረ፤ እኛም እንግዳ ተብለን ተቀመጥን። ግሌን የሚባል ወፍራም ገበሬ ተነሥቶ ማዘጋጃ ቤቱ ይፍረስ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ምክንያቱም የሚናቅ አልነበረም። ወጣቱ ሁሉ ከተማ ገብቷል፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ የዋልተር ወገብ ታሟል፤ ግሬደሩ ከዋልተር ወገብ የባሰ ነው። «ይህን ሁሉ መንገድ የምንጠርገው ለማን ነው? በዚህ ክረምት በዚህ መንገድ ማን መጣ?» ብሎ ጠየቀ።

ወይዘሮ ዶሪን በእስክሪብቷቸው ወደ እኛ አመለከቱ። «እነርሱ መጡ።»

ጋሼ ምን እንደተባለ ጠየቁኝና ተረጎምኩላቸው። ወዲያው እጃቸውን አወጡ። ዕድርን ሃያ ዓመት የመራ ሰው ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ተፈቀደላቸው። ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይህ ዕድር ነው። ሰው ሲያንስ ዕድር አይፈርስም፤ ሲያንስ ነው የሚያስፈልገው» አሉና ተቀመጡ።

እኔም ተረጎምኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የጋሼን ንግግር ራቁቱን ለሕዝብ ማቅረብ ነውር መስሎኝ ትንሽ አለበስኩት። ከዕድር አመሠራረት ጀመርኩ፤ በድንኳኑ፣ በሣጥኑና በአስተዛዛኙ አልፌ፣ ስለ ሰው ልጅ ብቸኝነት ጥቂት ተናገርኩ። ስጨርስ ጋሼ በጥርጣሬ አዩኝ። «እኔ ያልኩት ይህን ሁሉ ነው?» «አዎ ጋሼ።» «ታዲያ እንዲህ ጥሩ ተናጋሪ ከሆንኩ ለምን ትራክ እነዳለሁ?»

ግሌን ሊመልስ ተነሣ። አፉን ከፈተ። ግን ዓይኑ መስኮቱ ላይ ቀረ። «ያ መኪና ሁልጊዜም እንደዚያ ያዘነብላል?» አለ።

ፓርኪንጌን አስታወሳችኋት? ያ ንጹሕ፣ ለጥ ያለ ነጭ ጥግ ለካ በረዶ የሞላው የመንገድ ዳር ቦይ ኖሯል። መኪናችን ቀስ እያለ፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው፣ ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ ነበር። መሬት በዋጠኝ አልኩ፤ ግን መሬቱ መኪናዬን በመዋጥ ላይ ስለነበር ለእኔ ጊዜ አልነበረውም።

ከዚያ የሆነውን ስናገር ድምፄ ይለወጣል፤ ታገሡኝ። ማንም «ስብሰባው ይቋረጥ» አላለም። ማንም ማንንም አላዘዘም። ሠላሳ የማይሞሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጡረተኞች፣ ካፖርታቸውን እየለበሱ ተነሡ። ከየመኪናው አካፋ ወጣ። አሮጊቶቹ አሸዋና አመድ በባልዲ አመጡ። ወይዘሮ ዶሪን ጋሼን ከላይ እስከ ታች አይተው ወደ ጓዳ ገቡና፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉትን የባላቸውን ወፍራም ካፖርት አምጥተው አለበሷቸው፤ እንደ ሕፃን ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፉላቸው። ዋልተር ወገባቸውን ይዘው ግሬደሩ ላይ ወጡ። ግሌን ከጎማው ሥር በሆዱ ተኝቶ ሰንሰለት አሰረ። «ግራ! ግራ! ቀስ!» እያለ እየጮኸ፣ እኔን በእጁ እየገፋ ከአደጋ ሲያርቀኝ፣ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ፣ «አንተ ልጅ፣ አገራችሁ መንገድና ቦይ አይለያዩም?» አለኝ። ይገባኛል። ጋሼ መሐል ቆመው በአማርኛ «በሉ! በሉ! አይዟችሁ!» ይላሉ፤ ሰዎቹም የገባቸው ይመስል እኩል ይገፋሉ።

መኪናው ወጣ። ደስታው ልዩ ነበር። ፊታቸው ከብርዱ ቀልቶ፣ ከጢማቸው በረዶ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ሠርገኛ እየተሳሳቁ ወደ አዳራሹ ተመለሱ። ባቄላውም ተበላ። ጋሼ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። «ጨው ያንሰዋል እንጂ ንፍሮ ነው» አሉ።

ከዚያ እጅ ወጣ። የቀረበው ሐሳብ አንድ ዓመት ይጨመር የሚል ነበር። በመጨረሻ እጁን ያወጣው ማን እንደሆነ ትገምታላችሁ? ግሌን። «ያን መንገድ ገና አሁን በአካፋዬ ጠርጌው፣ ለጎረቤት ወስዳችሁ ልትሰጡብኝ ነው?» አለ። ወይዘሮ ዶሪን ቃለ ጉባኤውን ለመጻፍ አቀርቅረው ቆዩ። ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው።

ምስሩን ስንጭን ዋልተር ወደ እርሻቸው ጥግ ወስደው ትልቅ የድንጋይ ክምር አሳዩኝ። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። አያታቸው፣ አባታቸውና እርሳቸው በእጃቸው የለቀሙት ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲያልፍ ውርጩ አዲስ ድንጋይ ከመሬት ይገፋል፤ በየዓመቱም ይለቀማል። ሐይቁ ደግሞ አያታቸው በልጅነታቸው ዋኝተውበት፣ ኋላ ደርቋል። ታዲያ ምስሩን ራሳቸው ይወዱት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ዋልተር አፍረው ሣቁ። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ቀምሰውት፣ ብዙም አልጣማቸውም። ምን አድርገው ሠርተውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ «ቀቀልኩት» አሉኝ። ጋሼ ይህን ስተረጉምላቸው በድንጋጤ ራሳቸውን ያዙ። ሲያትል ስንመለስ እትዬ ጽጌን ለምነው፣ ሁለት ኪሎ በርበሬ በፖስታ ላኩላቸው።

እና በዚያ ሁዳዴ፣ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ምስር ወጥ በተሠራበት ቤት ሁሉ፣ ሰዉ ሳያውቀው የስቶን ሌክ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን አውቅ ነበርና፣ ከመጉረሴ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም እል ነበር። አንድ ሰው የሌላ ሰው ጥርስ ጠጠር እንዳይገጥመው፣ ያን ጥርስ አይቶት ሳያውቅ፣ ሦስት ትውልድ ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ይህን በምን ቃል ያመሰግኑታል? ቃል ስላጣሁ ነው እኔም እዚህ ተቀምጬ ንጹሑን ምስር የምለቅመው። የምስጋናዬ ሥርዓት አድርጋችሁ ውሰዱት።

ስልኩ ጮኸ።

ወይዘሮ ዶሪን ነበሩ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ረጋ ያለ ነው። እጅ ተቆጥሯል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ይፈርሳል። ግሌን ይቆይ ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራክሯል። ይፍረስ ብለው የመጀመሪያውን እጅ ያወጡት ዋልተር ናቸው። ከእንግዲህ ግሬደሩ ላይ መውጣት አይችሉም፤ የሚተካቸውም የለም። አቀርቅረው ያወጡትን እጅ ሌሎቹ ተከተሉ። ከዚያ ወይዘሮ ዶሪን ሣጥን ሲያስተካክሉ ያገኙትን ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ አነበቡልኝ። «ሁለት እንግዶች ከሲያትል መጥተው ሐዘናቸውን ገልጸዋል። ሊቀ መንበሩ በሕይወት መኖራቸው ተረጋግጧል» ይላል። አብረን ሣቅን። ጋሼ ለብሰውት ስለሄዱት የባላቸው ካፖርት ጠየቁኝ፤ በዝናቡም በፀሐዩም እንደሚለብሱት ነገርኳቸው። «ጥሩ» አሉ። «ጥሩ።»

ለጋሼ ደወልኩ። ነገርኳቸው። ቀጥዬም አንድ የሚያጽናና ዓረፍተ ነገር ለማዋቀር ሞከርኩ፤ ከነነጠላ ሠረዙ ፈረሰብኝ።

«ሥነ ጽሑፍ» አሉኝ።

«አቤት ጋሼ።»

«ሰው ሁሉ በሰዓት አይመጣም ይለኛል፤ አክስትህ፣ ጽጌ፣ ዕድርተኛው ሁሉ። አየህ አይደል? ለቅሶው ላይ አንድ ዓመት ቀድሜ ደርሻለሁ።»

ሣቅ ጀመሩ፤ ሣቁ መንገድ ላይ ጠፋባቸው። ወደ ስቶን ሌክ ለመሄድ ሰኞ መኪናው ነፃ መሆን አለመሆኑን ጠየቁኝ። ነፃ ነው አልኩ። በርበሬ እንዳልረሳ አሳሰቡኝና ዘጉ።

ካፊያው አሁን ወርዷል። ትሪው ላይ ያለው ምስር ተለቅሞ አልቋል፤ ጠጠር አልነበረውም። ስቶን ሌክ የምትባል ማዘጋጃ ቤት ከዛሬ ወዲያ የለችም።